ሠርፀ የሠራው መንደር

ደሴ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለዝማሬ፤

ሰላምሽ ይብዛልኝ። በሰው አገር የቆምሽበትን መሬት ይባርክልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኔ ተመስገን ነው፣ ቆሜ እሄዳለሁ። በስልክ ስንገናኝ ሁለታችንም ከማልቀስ በቀር የምንለው ስለሌለን መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። ወረቀቱን የጁባው ነጋዴ የሙኽታር ወንድም ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ይሰጥልኛል።

የልጄ ዕቃ ደርሶኛል። ሱሪዎቹ፣ ሸሚዞቹ፣ ከዚህ ይዟት የሄደው ሹራብም ጭምር። በዚያ ሙቀት አንድ ቀንም አልለበሳትም መሰለኝ፣ ሽታዋ አሁንም የቤታችን ነው። ኮምፒውተሩ ግን አልመጣም። ከሥራ ሲወጣ ከሱ ጋር እንደሚያመሽ ይነግረኝ ነበር። ፎቶ ካለበት ላኪልኝ።

አቶ ግዛው ትናንትም ደወለልኝ። አስከሬኑን ማሳፈሩ፣ ለተዝካሩ መላኩ ሳያንስ «እኔም ልጅዎ ነኝ» አለኝ። መረቅሁት። ባለ ሆቴል ሆኖ ለሠራተኛው እናት እንዲህ የሚሆን ስንት ሰው አለ? «ወባው ጸናበት፣ ያልሞከርነው የለም» ብሎኛል። አንቺ እዚያው ሆቴል ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመጨረሻው ቀን እንዴት ነበር? ምን ቀመሰ? አጠገቡ ማን ነበር? እናት ናትና ትጠይቃለች ብለሽ ንገሪኝ።

በዘር ብንቆጥረው የአክስቴ የልጅ ልጅ ነሽ፤ በልቤ ግን ከሠርፀ ቀጥለሽ ያለሽው አንቺ ነሽ።

በዛብሽ


ጁባ፣ አትላባራ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በዛብሽ፤

ሐዘንዎን የሚያበርድ አምላክ ከደጅዎ አይለይ። ጉልበትዎን ያጽናልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ገና ነው፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሊያቀልጠው ደርሷል።

ኮምፒውተሩ እኔ ጋ ነው፣ ማንም አልወሰደውም። ፎቶዎቹን በፍላሽ ገልብጬ ይህን ደብዳቤ ለያዘው ሰው ሰጥቼዋለሁ። ዕቃውን ግን ጥቂት እኔ ጋ ያቆዩልኝ። ምክንያቱን ልንገርዎትና ይሳቁብኝ።

ሠርፀ የሚጫወተው ጨዋታ አለበት። መጀመሪያ ባዶ፣ ብርድ የበዛበት መሬትና ጥቂት ሰፋሪዎች ይሰጡታል። መንደሩን ማቅናት የተጫዋቹ ፋንታ ነው። ማን እንጨት ይቁረጥ፣ ማን ይረስ፣ ማን ያብስል፣ መቼ ይተኙ፣ ሁሉን የሚያዘው እሱ ነው። ሰዎቹ ግን እንደ ማሽን አይደሉም። እያንዳንዱ ከጭንቅላቱ በላይ ደስታውን የሚያሳይ አረንጓዴ መስመር አለው። ቆሞ ከበላ መስመሩ ያጥራል። ጠባብ ክፍል ተጨናንቆ ከተኛ ያጥራል። ወዳጁ ሲሞት በጣም ያጥራል። አረንጓዴው ቀይ ሲሆን መጥረቢያውን ጥሎ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ያገኘውን ይሰብራል። ብዙ ላሠራ ብሎ እረፍታቸውን የቆረጠ ተጫዋች በመጨረሻ የሚያገኘው ከበፊቱ ያነሰ ሥራ ነው። እኔም መጀመሪያ የጀመርኩትን መንደር እንደዚያ አድርጌ ነው ያጠፋሁት።

የሱ መንደር ግን ያምራል። ለሰፋሪዎቹ ያወጣላቸው የእኛን ስም ነው። ወጥ ቤት ያለችው የሆቴላችን ወጥ ሠሪ ሮዳስ ናት። እኔ እርሻ ላይ ነኝ። ጋሼ ግዛውም አለ፣ እንጨት ቆራጭ አድርጎታል። እዚህ እኛ ሴቶቹ ሁላችንም በአንድ ክፍል ነው የምንተኛው፤ እዚያ ግን ለእያንዳንዳችን መስኮት ያለው ክፍል ሠርቶልናል። መብራት ሲኖር ከፍቼ ስንሄድ ስንመጣ አያለሁ።

የመጨረሻውን ቀን ጠይቀውኛል። ትኩሳት ነበረበት። ነፍሱን ይማር።

ልጅዎ ዝማሬ


ደሴ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዝማሬ፤

ጤና ይስጥሽ።

ስለ ጨዋታው ገጽ ሙሉ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ልጄ ሁለት ቃል። ፎቶዎቹን አይቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በአንዱ ላይ የሆቴሉ ጣሪያ ላይ ቆሞ ይስቃል። አስከሬኑን ያጠቡት ሰዎች አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር፤ አላመንኳቸውም። ወባ አጥንት አይሰብርም።

እንዳልጎዳ ብለሽ ከሆነ ተጎድቼ ጨርሻለሁ። ጻፊልኝ።

በዛብሽ


ጁባ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ በዛብሽ፤

እንደምን ሰነበቱ ማለት ከበደኝ። የሚያነቡትን የሚችሉበት ልብ ይስጥዎት።

ያን ሰሞን ሆቴሉ በስብሰባ እንግዶች ተሞልቶ ነበር። መብራቱም ውኃውም በሠርፀ እጅ እንደነበር ያውቃሉ። አተኮሰውና ክሊኒክ ሄደ፤ ወባ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት፣ ተኛ አሉት። በማግስቱ ጠዋት ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ተዘጋና እንግዶቹ ውኃ አጡ። ግዛው ወደ ሠርፀ ክፍል መጣ። የሚጠጣው ይዤለት እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።

«ተነሥ፣ ውኃ የለም» አለው።

«ጋሼ፣ ያዞረኛል። ሌላ ሰው ይላኩ፤ እኔ ከታች ሆኜ እነግረዋለሁ።»

«ሌላ ሰው የት አለ? እንግዶቹ ሻንጣቸውን ሊያነሡ ነው። እዚህ አገር ወባ የማይዘው ማን ነው? እኔም እየያዘኝ ስሠራ ነው የኖርኩት።»

«አይችልም ጋሼ፣ ይተዉት» አልኩ።

«አንቺ ወደ እንግዶችሽ» አለኝ።

ሠርፀ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። «ተዪ፣ ቶሎ እመለሳለሁ» አለኝና ሄደ። መሰላሉን ሲወጣ አየሁት፤ በየመሐሉ ይቆም ነበር። ከዚያ በየክፍሉ ቧንቧው አየር መትፋት ጀመረ። ከፎቅ አንዲት እንግዳ «ውኃው መጣ፣ መጣ» ስትል ሰማን። ወዲያው ሠርፀ ከላይ ወደቀ።

ቀድማ የደረሰችው ሮዳስ ናት። ራሱን ጭኗ ላይ አደረገችው። ግዛው መኪናውን አላወጣም። እንግዶቹ እንዳያዩ በጓሮ በር ውሰዱት አለን። በራክሻ፣ እናንተ ባጃጅ በምትሉት፣ አሳፈርነው፤ ሮዳስ አቅፋው ሄደች። በረኛው የዚህ አገር ሰው ነው፤ «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያለ እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግሩ ተከተለን። አይዟችሁ ማለቱ ነበር። ሠርፀ ክሊኒክ ሳይደርስ አረፈ።

ጠዋት የቀመሰው ነገር የለም እትዬ። ያን የያዝኩለትን ውኃ ብቻ ጠጥቷል።

አስከሬኑን የሚያሳፍረው ግዛው ስለነበር ያኔ ዝም አልኩ። በኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ አፌን ያዘኝ። ወደዚህ ያመጣኝ፣ ሥራ ያስያዘኝ ሠርፀ ነው። አሁንም ጠዋት ጠዋት ለዚያ ሰው ደህና አደሩ እላለሁ።

ዝማሬ


ደሴ፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዝማሬ፤

እውነት የተናገረ አፍሽን አይንሣሽ።

ልጽፍልሽ የተቀመጥኩ ቀን ሁሉ የሚወጣኝ እርግማን ብቻ ስለነበር ዘገየሁ። ሰውዬው ለፋሲካ ደውሎ «እንኳን አደረሰዎት እናቴ» አለኝ። እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩት። ማወቄን አላወቀም፤ አሁን እንዲያውቅ አልፈልግም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የመረቅሁትን ምርቃት አንድ በአንድ መልሼ ለቀምኩት። «ልጅህ ይውጣልህ» ያልኩትን ሳይቀር።

ልክሰሰው ብል በየትኛው አገር ዳኛ? ምስክሮቹ እንጀራቸው በሱ እጅ ነው። የነፍስ አባቴ «ለእግዚአብሔር ስጪው» ይሉኛል። እሰጣለሁ። እስከዚያ ግን እኔም ድርሻ አለኝ።

የዚያ ሆቴል እጅና እግር አንቺ ነሽ። ሠራተኛውን የምትመድቢው አንቺ፣ ሲጣላ የምታስታርቂው አንቺ፣ እንግዳ ሲቆጣ የምታበርጂው አንቺ። እጅሽን ከሥራው አንሺበትና ይውደቅ። ሲወድቅም ማንም «መጣሁልህ» አይበለው።

ያ ጨዋታ ውስጥ ያለውን ግዛውንም ከቤት አውጥተሽ በብርድ አሳድሪልኝ። አሮጊቷ ቂል ሆነች በዪ፣ ግድ የለኝም። ልጄ በሠራው መንደር ውስጥ ያ ስም ቤት አይኖረውም።

በዛብሽ


ጁባ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በዛብሽ፤

ሰላምዎ እንደ ዘንድሮው የጁባ ዝናብ ይብዛ፣ ያለ ጎርፉ። ሁለቱንም ያዘዙኝን አድርጌአለሁ። የሆነውን ልጻፍልዎት።

ከጨዋታው ልጀምር። የግዛውን ክፍል ዘጋሁበት፣ ከሌሎቹ ጋር ተጠግቶ እንዳይሞቅም ከለከልኩት። በውርጭ ሞተ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽዎትም። ጥቂት ሳይቆይ ግን የሁሉም መስመር ያሽቆለቁል ጀመር። ሠርፀ ያን ሰው ክፉ አድርጎ አልሠራውም ኖሯል፤ ከሮዳስ ጋር ወዳጆች ነበሩ። ሮዳስ ድስቱን እሳት ላይ ጥላ ወጣች። አንዱ ጎተራውን ሰባበረው። የኔን ስም የያዘችውም እርሻ መሐል ተቀመጠች፤ ባዝዛት ባዝዛት አልነሣ አለች።

ከሆቴሉም ሥራ እጄን አነሣሁ። ግዛው ሳያውቅ የማደርገው ብዙ ነገር ነበር። ሲሠራ ያደረውን በማግስቱ አስተኛለሁ፤ እሁድ ቅዳሴ የሚሄዱትን አፈራርቃለሁ፤ ምሳ ተቀምጠው የሚበሉበት ሰዓት እሰርቅላቸዋለሁ። የማይስማሙትን በአንድ ፈረቃ አላገናኝም። ሁሉን ተውኩት። «የሥራ ፕሮግራሙን እርስዎ ያውጡ ጋሼ» አልኩት። ደስ ብሎት አወጣው። ሁሉንም ጎሕ ሲቀድ አስገብቶ ማታ አስወጣ፣ እሁድን ሰረዘ። በጥቂት ቀን ውስጥ አስተናጋጆቹ በእንግዳ ፊት መሰዳደብ ጀመሩ። አንሶላ ሳይቀየር የሚያድር ክፍል በዛ። እንግዳ ሲጮህበት ሰምቼ በልቤ «ገና ነው» አልኩ።

ከዚያ ሮዳስ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ምድጃው ላይ ራሷን ሳተች። የፈላው ዘይት ክንዷ ላይ ፈሰሰ።

ክሊኒክ አጠገቧ ተቀምጬ የተውኩትን ሁሉ ለምን እንደተውኩ ነገርኳት።

«ቂምሽ የኔም ነው» አለችኝ። «ሠርፀ ያረፈው እጄ ላይ ነው። ግን በእኔ ሥጋ አትበቀይው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እሱን ለመጣል እኛን ለምን ትጥያለሽ? ይዘሽን ውጪ። ያኔ ምን እንደሚቀረው እናያለን።»

እትዬ፣ ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፌ ተስተካክሏል። የወረባቦው ሙኽታር፣ ዘይትና ዱቄት የሚያከፋፍለው፣ ኮር ዊሊያም የሚባል ሰፈር የተዘጋ ምግብ ቤት አለው። ከነማድቤቱ ይሰጠናል፤ ከትርፉ ይካፈላል። «ሠርፀ ጄኔሬተሬን ስንት ቀን በነፃ ሠርቶልኛል» ብሎ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ቀሪው ችግር ፓስፖርት ነው፤ የሁላችንንም ግዛው ቆልፎ ይዞታል። የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ ግን ኢሚግሬሽን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ተቀብዬዋለሁ። ታድሶ ሲወጣ የሚገባው ወደየባለቤቱ ኪስ ነው።

በሰኔ መጨረሻ ትልቅ ስብሰባ ይመጣለታል። ሆቴሉን ሙሉ ይዘውታል።

ዝማሬ


ደሴ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዝማሬ፤

ለሮዳስ ክንድ ምሕረቱን ያውርድላት። ልጄን አቅፋ የሸኘች እጅ በእኔ ጠብ መቃጠሏ እያንገበገበኝ ነው። ይህን ንገሪያት፤ አንቺም ከአፌ እንደሰማሽ አድርገሽ ንገሪያት። ማር ልኬላታለሁ፣ ለቁስል ጥሩ ነው።

እሱን ግን አልተውኩትም። እንዳላችሁት አድርጉ። ስትወጡ ፊቱን አይተሽ ጻፊልኝ።

በዛብሽ


ጁባ፣ ኮር ዊሊያም፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በዛብሽ፤

የፍልሰታ ጾሙ ለነፍስም ለሥጋም ይሁንልዎት። ከአዲሱ ቤታችን ነው የምጽፈው።

እንግዶቹ በገቡ ማግስት፣ ለቁርስ ሊወርዱ ሲሉ፣ ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን በፊት ለፊት በር ወጣን። ግዛው እንግዳ መቀበያው ጋ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ሻንጣ የማን ነው?» አለ።

«የእኛ ነው ጋሼ። መሄዳችን ነው።»

«ሁላችሁም?» እየዞረ አየን። «እንግዳ ላይ? ደሞዝ ከሆነ እጨምራለሁ። ተናገሩ እንጂ፣ ምን አጎደልኩባችሁ?»

ሮዳስ ክንዷን አልሸፈነችውም ነበር፤ ከዚያ ላይ ዓይኑን አነሣና ወደ እኔ መጣ።

«ዝማሬ፣ አንቺን እንደ እህት ነው የያዝኩሽ። ይህን የምታደርጊው ምን ሆነሽ ነው?»

«ሠርፀን ከአልጋው አስነሥተውታል» አልኩት።

«ሠርፀን ወባ ነው የገደለው። ለእናቱም ነግሬያለሁ።»

«እናቱ ያውቃሉ» አልኩት። «ከሚያዝያ ጀምሮ ያውቃሉ። ለፋሲካ ሲደውሉላቸውም ያውቁ ነበር።»

ፊቱን ጻፊልኝ ብለውኛል። እንደጠበቅሁት አልተቆጣም። ዓይኑን ከእኔ ላይ ነቀለና የሚያዘው ሰው ፍለጋ ዙሪያውን አየ። እንግዶቹ ደረጃው ላይ ቆመው ያዩታል። የቀረው በረኛው ብቻ ነበር። «በሩን ዝጋ፣ አታስወጣቸው» አለው። በረኛው ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ኻላስ» አለው፤ በቃ፣ አለቀ ማለቱ ነው። እሱም ከእኛ ጋር ወጣ።

እንግዶቹ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ሆቴል ተዛወሩ። ከሐበሻ ሠራተኛ እሱ ጋ የሚገባለት ጠፋ፤ ማንጋቴን ሰፈር ድረስ ሰው ልኮ ያመጣቸው የአገሬው ልጆችም ፕሮግራሙን አይተው ጥለውት ሄዱ። አሁን የላይኛውን ፎቅ ዘግቶታል።

እኛ ደህና ነን። ማንም ቆሞ አይበላም። እሁድ በየተራ ነው። ሮዳስ ማድቤቱን በሁለት ፈረቃ ከፍላው ወንበር ያስገባችበት ቀን ሙኽታር ሳቀባት፤ ገበያውን ሲያይ ግን ሁለተኛ ወንበር ራሱ ገዛ። የሠርፀንም መንደር ትቼው አልቀረሁም። እየተኙ፣ እየበሉ፣ ቀስ እያሉ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የሞተውን ግን መመለስ አይቻልም፤ ከአጥሩ ውጭ አፈር አልብሰውታል። ኮምፒውተሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ የሰፈር ሰው ይክፈትልዎትና ልጅዎ የሠራውን ይዩት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎት። ግዛው ሰው ልኮብን ነበር፤ አነጋግሩኝ ይላል። እኛ እምቢ ስንለው ደሴ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ ብሏል አሉ። ካልወደዱ በር አይክፈቱለት።

ልጅዎ ዝማሬ


ደሴ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዝማሬ፤

አዲሱ ዓመት ያሰብሽው የሚሞላበት፣ የያዝሽው የሚባረክበት ይሁንልሽ። ለሮዳስም ለሁሉም እንዲሁ በዪልኝ።

መጣ። የነፍስ አባቴንና ሁለት ሽማግሎች አስቀድሞ፣ በግ አስጎትቶ። በሩን ከፈትኩ። በጉን ከውጭ እሰሩት አልኩ፣ ሰዎቹን አስገባሁ። ከስቷል። በፎቶ የማውቀው ሰውዬ አይመስልም። ድንጋይ ተሸክሞ ደፉ ላይ ተንበረከከ። ሽማግሎቹ «ስለ እግዚአብሔር» አሉ። ዝማሬ፣ ሳየው ቂሙ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ አልለቀቀኝም። እጄ ዱላ ፈለገ።

«አስነሣሁት» አለ። «አዎ፣ እኔ ነኝ ያስነሣሁት። በደሉ የኔ ነው። ካሣም ከሆነ የጠየቁኝን እከፍላለሁ።»

«ካሣ አልፈልግም» አልኩት። «ልጄን ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«አንተ ቤት የኖረውን። የት ነበር የሚተኛው?»

«ከኋላ… ጄኔሬተሩ አጠገብ ይመስለኛል።»

«መኝታው ድረስ ሄደህ አስነሥተኸው ይመስለኛል ትላለህ?»

አጎነበሰ።

«ምን ነበር ደስ የሚለው? ከማን ጋር ነበር ምሳ የሚበላ? ሲከፋው ምን ያደርግ ነበር? እኔ እስከ ሃያ ዓመቱ ያለውን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው አንተ ጋ ነው የቀረው። አምጣ።»

አንዱንም አያውቅም። ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። የነፍስ አባቴ «ልጄ በዛብሽ፣ ይቅር በይው» አሉኝ።

«አባ፣ ይቅር የምለው ማንን እንዳጠፋ ሲያውቅ ነው» አልኳቸው። «ይህ ሰው የገደለውን ሰው አያውቀውም።»

ከዚያ ለሱ ነገርኩት። ጁባ ተመለስ አልኩት። ኮር ዊሊያም ሂድ። ሮዳስን፣ ዝማሬን፣ በረኛውን፣ ከልጄ ጋር የሠሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቅ። ሥራ ላይ ከሆኑ ጠብቃቸው፤ አታቋርጣቸው። የነገሩህን ይዘህ ናና እዚህ ቆመህ ንገረኝ። ከዚያ በኋላ ይቅር ማለትና አለማለቴን እነግርሃለሁ።

ድንጋዩን አላወረድኩለትም። ይዞት ወጣ። በጉንም ፈትቶ ወሰደ።

ስለዚህ ሰሞኑን ይመጣባችኋል። በሩን ክፈቱለት። ወንበር ግን አትስጡት። የምታውቁትን ሁሉ ንገሩት፣ የሚያስቀውንም የሚያስለቅሰውንም፤ ቶሎ አትጨርሱለት። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ደሴ ድረስ ይምጣ። አንዲት ነገር ቢረሳ መልሼ እልከዋለሁ።

በዛብሽ፣ የሠርፀ እናት